ጧሪና ቀባሪ፤ የአንድ ጥንድ ቃል ታሪካዊ ጉዞ

ልጅ ለወለደች እናት ከሚሰጡት ምርቃቶች አንዱ «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልሽ» የሚለው ነው። ልጅ የሞተባት እናት ደረቷን እየደቃች ስታለቅስም ሟቹን «ጧሪ ቀባሪዬ» ብላ ትጠራዋለች። በአራስ ቤትና በለቅሶ ድንኳን መካከል ያለው የሕይወት ዘመን በእነዚህ ሁለት ቃላት ታስሮ ኖሯል። ጧሪ የደከመውን ወላጅ የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስታምም ነው፤ ቀባሪ ደግሞ በመጨረሻዋ ቀን ዐፈር የሚያለብስ፣ ተዝካር የሚያወጣና ስም የሚያስጠራ ነው። ቃላቱ ሳይነጣጠሉ ሲነገሩ የኖሩትም ሁለቱንም ግዴታ የሚሸከመው ያው አንዱ ልጅ ስለ ነበረ ነው።

ባለፉት አንድ መቶ ዓመታት ውስጥ ግን ይህ ጥንድ ቃል በአንደበት ሳይለያይ በግብር ተለያይቷል። መጦርን አንዱ ወገን፣ መቅበርን ሌላው ወገን ተረክቧል። በሁለቱ መካከል በተከፈተው ክፍተት ውስጥ የቀሩ አረጋውያንም ብዙዎች ናቸው። ክፍተቱ እንዴት እንደ ተፈጠረ ለመረዳት ቃሉ ራሱ የተጓዘበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ቃሉና ግብሩ

«ጦረ» የሚለው የአማርኛ ግስ ከግዕዙ «ጾረ» ጋር የአንድ ዘር ነው፤ ትርጉሙም ተሸከመ ማለት ነው። ወላጅን መጦር እንግዲህ በመሠረቱ መሸከም ነው፤ ያዘለን መልሶ ማዘል። ተጧሪ፣ መጦሪያ፣ ጡረታና ጡረተኛ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ዛሬ የከተማ ሰው «ጡረታ» ሲባል በጆሮው የሚያቃጭለው የመሥሪያ ቤት ማኅተምና የወር መጨረሻ ሰልፍ ነው። ቃሉ ግን ከመሥሪያ ቤት በፊት የነበረ፣ በምድጃ ዙሪያ የተወለደ የቤተ ዘመድ ቃል ነው።

መሬትና ጧሪ

በሰሜኑ የርስት አገር የመጦር ግዴታ የቆመው በፍቅርና በሃይማኖት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ መሬት ነበረው። ጎጆ ለሚወጣ ልጅ መሬት የሚቆርስለት ወላጅ ነው። ልጆቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜም የመጨረሻው፣ ከደከሙት ወላጆቹ ጋር ይቀራል፤ በሬውን እየጠመደ ማሳቸውን ያርሳል። አባት በመኝታው ሆኖ ነፍስ አባቱንና የአገር ሽማግሌዎችን ጠርቶ ሲናዘዝ ለጦረው ልጅ ድርሻውን ከፍ ያደርግለታል። በሌላ በኩል አዛውንቱ መሬቱን እያካፈለ በሄደ ቁጥር ሥልጣኑም አብሮ ይከፋፈላል። ስለዚህም የመጨረሻዋን ቁራሽ መሬት እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞ የሚቆይ ሽማግሌ ስስታም ተብሎ ሊታማ አይገባውም፤ የያዘው መጦሪያውን ነውና።

በደቡቡ የጭሰኛ አገር ሁኔታው የተለየ ነበር። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬት የሚያስረክብ አራሽ ለልጁ የሚያወርሰው ማሳ አልነበረውም። ክንዱ ሲዝል ባለ መሬቱ ሌላ አራሽ ሊተካበት ይችላል። ስለዚህ የጭሰኛው እርጅና ከመድከም ሌላ የመነቀል ሥጋት ነበረበት። ልጁ ጧሪ ለመሆን ቢፈቅድ እንኳ የሚጦርበት መሬት የሌላ ሰው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ሥር የሰደደ ግንኙነት ከመሠረቱ ለወጠው። ዛሬ ያ አዋጅ በአብዛኛው የሚታወሰው ጭሰኝነትን በማስቀረቱ ነው፤ ስለ አረጋውያን የደነገገው ግን እምብዛም አይነሳም። ለገበሬ ማኅበራት ከተሰጧቸው ተግባሮች አንዱ በዕድሜ መግፋት፣ በሕፃንነት ወይም በሕመም ምክንያት ማሳቸውን ማረስ ያልቻሉትን፣ እንዲሁም ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች መሬት ማረስ ነበር። ከልጅ ትከሻ ላይ የነበረው መሸከም የማኅበር ተግባር ሆኖ በሕግ መጻፉ በኢትዮጵያ ገጠር ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነው።

ነገር ግን ታሪክ በአዋጅ ቃል ብቻ አይመዘንም። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት ሲታወጅ ወጣቶችን እየመለመለ እንዲያቀርብ የታዘዘው ያው የገበሬ ማኅበር ነበር። የአዛውንቱን ማሳ እንዲያርስ የተቋቋመው ማኅበር የአዛውንቱን አራሽ ከቤት አስወጣ። ከ1977 ዓ.ም. ረሀብ በኋላ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም አካባቢዎች ተነሥቶ ሲሰፍር ደግሞ በብዙ ቤት ጎልማሳው ሄዶ ሽማግሌው ቀረ።

ደጀ ሰላምና ማዕድ

ልጅ የሌለው ወይም ልጁ የቀደመበት ሰው ወዴት ይሄድ ነበር? መልሱ በአብዛኛው ከቤተ እምነት ደጃፍ ላይ ይገኛል። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት ሴት ቆብ ትደፋለች፤ እማሆይ ትባላለች። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ በጠባብ ጎጆ ትኖራለች። ምንኩስናዋ የመንፈስ ጥሪ መሆኑ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የመኖሪያና የመከበሪያም መንገድ ነበር። ብቸኛዋ አሮጊት ለጎረቤት ሸክም ከምትሆን ይልቅ ለምእመኑ የበረከት ምንጭ ሆነች፤ የምትቀበለውም ምጽዋት ሳይሆን ጸሎት የሚመለስበት ስጦታ ተባለ። በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር የሚቆረሰው ዳቦ፣ የሚቀዳው ጠላም ለነዳያን ይደርስ ነበር።

በሙስሊሙ ዘንድ ዘካ የድኻውን ድርሻ በሀብታሙ ሀብት ውስጥ አስቀምጧል። የሐረር አፎቻ በደስታና በሐዘን ሰውን ከሰው ያስተሳስራል። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ከብቱ ያለቀበትን ወገን በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ጎሣው መልሶ ያቋቁመዋል፤ የገዳን እርከኖች የጨረሰ አዛውንትም ጋዳሞጂ ሲሆን ከጦርና ከግድያ ርቆ እንደ ቅዱስ ሰው ይከበራል። ስማቸውና ሥርዓታቸው ይለያይ እንጂ የእነዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ አረጋዊው ተቀባይ ብቻ እንዳይሆን፣ መራቂ፣ አስታራቂና ሕግ አዋቂ ሆኖ በማዕዱ ዙሪያ ቦታ እንዲኖረው ማድረግ።

ደመወዝና ጡረታ

ዘመናዊው መንግሥት ሲስፋፋ በመሬት ሳይሆን በደመወዝ የሚኖር አዲስ ሰው ተፈጠረ፤ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ ወታደሩ። ይህ ሰው ከትውልድ መንደሩ ርቋል፤ ሲያረጅ የሚቆርሰው ርስት የለውም። ከዚህ የተነሳ በ1950ዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1955ም ሥርዓቱን አጸና። ያን ጊዜ ነው የምድጃው ቃል ወደ ነጋሪት ጋዜጣ የገባው። ሠራተኛው በጉልበቱ ዘመን ከደመወዙ እየቀነሰ፣ መንግሥትም እየጨመረለት ነገ ራሱን ይጦራል። ልጅ የነበረው ጧሪ አሁን የጋራ ገንዘብ ሆነ።

ብዙዎቹ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ የእነርሱም ሠራተኞች በጡረታ ጥላ ሥር ገቡ። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን አዋጅ ቁጥር 715/2003 እስኪወጣ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ የሥርዓቱ መሠረት የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታውን እስከ ዕለተ ሞቱ ይቀበላል።

በዚህ ሕግ ውስጥ ለባለ ቅኔ የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ። ሠራተኛው ቢሞት የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ በእርሱ ይረዱ የነበሩት ወላጆቹም ከጡረታው እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ። ልጅ ከሞተ በኋላም ጧሪ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው። የሕግ አርቃቂው ቋንቋ ደረቅ ቢሆንም ከአልቃሿ እናት ጩኸት ጋር የተገናኘው በዚህ ቦታ ነው።

የጋራው ገንዘብ የሚያውቀው ግን ደመወዝ ያለውን ነው። ከሕዝቡ አብዛኛውን ክፍል የያዘው ገበሬ፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ዕድሜ ልኳን በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ስማቸው በዚያ መዝገብ ላይ የለም። ለእነርሱ ሕግ የተወው የቀድሞውን ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገሩና ሠርተው መኖር ለማይችሉ ወላጆቹ ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ሕጉ ይህን ግዴታ «ቀለብ» ይለዋል። ነገር ግን ልጇን በፍርድ ቤት ከስሳ ቀለብ የምታስቆርጥ እናት ስንት ናት? ብዙዋ የልጇን ነውር ከምትገልጥ ረሀቧን መሸፈን ትመርጣለች።

ጡሩምባና ድንኳን

መጦር በዚህ መንገድ ሲጓዝ መቅበር ሌላ ባለቤት አገኘ። በሃያኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ከጉራጌ አገርና ከሌሎችም አውራጃዎች ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የጎረፈው ሠርቶ አደር ዘመድ በሌለበት ከተማ ሬሳው እንዳይወድቅ ሠጋ። ዕድርም ከዚህ ሥጋት በቅሎ በየሰፈሩ ተስፋፋ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጠ፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ገዛ፤ ጡሩምባ ነፊ ቀጠረ። ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባው ሲሰማ ሰፈሩ ይነሣል፤ የቀረ ይቀጣል። በሕይወቱ ማንም ያልጠየቀው ሽማግሌ በሞተ ዕለት ድንኳን ይተከልለታል፤ ለቀስተኛ ይሞላለታል።

ዕድር ከታላላቆቹ የሕዝብ ፈጠራዎች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ሰው በሃይማኖት፣ በቋንቋና በሀብት ሳይለያይ ጎረቤቱን እንዲቀብር አድርጓል። ይሁን እንጂ ጥንዱን ቃል ለሁለት የሰነጠቀውም ራሱ ነው፤ ቀባሪ ሆነ እንጂ ጧሪ አልሆነም። ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ የወር መዋጮውን የሚከፍል፣ መድኃኒት ሳይገዛ የዕድር ዕዳውን የሚያወራርድ አዛውንት በየሰፈሩ አለ። ለመቀበር ሲል ይራባል።

የተገለበጠው ምርቃት

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የኤች አይ ቪ ኤድስ ወረርሽኝ ይህን ክፍተት ለሁሉም ገለጠው። ጧሪ ይሆናሉ የተባሉ ጎልማሶች ቀድመው አለፉ፤ ቀባሪ የሆኑት ወላጆች ናቸው። አያት የልጅ ልጆቿን እንደ ገና ማሳደግ ጀመረች፤ ምርቃቱ ተገለበጠ። ያን ጊዜ አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች «ሰው እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ፤ ደንባቸውንም አሻሽለው በሽተኛውን፣ ወላጅ አልባውንና አረጋዊውን በሕይወት ሳሉ መርዳት ያዙ። የዕድር ገንዘብ ከድንኳን አልፎ ለዳቦ ሲውል ጥንዱ ቃል እንደ ገና መገጣጠም ጀመረ።

መንግሥትም በ1997 ዓ.ም. በገጠር በጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሠርቶ ማግኘት የማይችሉ አረጋውያን የሚኖሩባቸው ድኻ ቤተሰቦች ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ አደረገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን አቋቋመ፤ ከጎዳና የተነሱ፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች በሕዝብ መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች እጅ መታጠብ፣ መብላትና መታከም ጀመሩ። «አረጋዊን ከቤቱ ውጭ ማኖር ከባህል ውጭ ነው» የሚል ሰው የእማሆይን ጎጆ የዘነጋ ነው። ባህሉን የሚቃረነው አዛውንት በብዙ ሰው መሐል ሆኖ ጠያቂ ማጣቱ ነው፤ በጋራ መጠለያ መኖሩ አይደለም።

ዛሬ ልጅ በዐረብ አገር ወይም በአሜሪካ ሆኖ ገንዘብ ይልካል። ገንዘቡ ጤፍና መድኃኒት ይገዛል፤ በሌሊት ውኃ የሚያቀብል እጅ ግን አይገዛም። ጡረታ የሚቀበለውም መምህር ቢሆን ጉልበቱ ሲከዳው የሚደግፈው ትከሻ ያስፈልገዋል። «ጦረ» ማለት ከፈለ ማለት አልነበረም፤ ተሸከመ ማለት ነበር።

ይህ የቃል ጉዞ የሚያስተምረው እንግዲህ አንድ ነገር ነው። ልጅ፣ መሬት፣ ገዳም፣ የጡረታ ገንዘብና ዕድር እያንዳንዳቸው ከሸክሙ አንድ ጫፍ ይዘዋል፤ ብቻውን ሊሸከመው የቻለ ግን አልተገኘም። ሸክሙ ሳይወድቅ የቆየው ብዙ እጅ በያዘው ጊዜ ነው። በየሰፈሩ በሰው የተመሰረተ፣ መዝገብ ያለው፣ የእያንዳንዱን አዛውንት ደጃፍ የሚያውቅ ማኅበር አለ። ያ ማኅበር ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት፣ ገና በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» የሚል ደካማ ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ የደረሰ ዕለት፣ «ጧሪ ቀባሪ» ዳግመኛ የአንድ ሰው ስም ይሆናል፤ የዚያ ሰው ስምም ጎረቤት ነው።