ራስጌና ግርጌ፤ የሒሳብ ጽሑፍ ከእርሳስ ፊደል እስከ መረብ ገጽ

አንድ አኃዝ ከመስመሩ ጥቂት ከፍ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲጻፍ ትርጕሙ ፈጽሞ ይለወጣል። 10⁸ አንድ መቶ ሚሊዮን ነው፤ ስምንቱ ከራስጌው ወርዶ ከዜሮው ጐን ቢቆም ግን 108 ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን የሚለያቸው ቀለሙም ፊደሉም አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጁን ከፍ አድርጎ ትንሿን ስምንት ሲጽፍ ምንም ችግር አያገኘውም። ያው ቀመር ወደ ማተሚያ ቤት፥ ወደ ጽሕፈት መኪና፥ በኋላም ወደ ኮምፒዩተርና ወደ መረብ ገጽ ሲሻገር ግን ትንሿ አኃዝ ተገቢ ስፍራዋን እንድታገኝ ብዙ ሊቃውንትና ብዙ የእጅ ባለሙያዎች ደክመዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመስመር ላይ ሌላ ጥቃቅን ጽሑፍ መጨመር ለአገራችን ጸሐፍት እንግዳ ነገር አልነበረም። ድጓውን የገለጠ ሰው ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን የዜማ ምልክት ያያል። ይህንንም ሥርዐት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደነገጉት በትውፊት ይነገራል። ቁም ጸሐፊው ለምልክቱ የሚበቃ ስፍራ በመስመሮቹ መካከል አስቀድሞ ካልተወ ዜማው ከንባቡ ጋር ይጋጫል። የሒሳብ ጽሑፍ ችግርም በመሠረቱ ይኸው ነው።

በአልጄብራ መጻሕፍት ላይ የራስጌ አኃዝ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1484 ፈረንሳዊው ኒኮላ ሹኬ በጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ ላይ የማይታወቀውን ቍጥር ርቢ ከፍ አድርጎ በትንሽ አኃዝ አመለከተ፤ ዜሮንና ከዜሮ በታች ያሉትን ርቢዎች እንኳ አልተወም። ነገር ግን ሥራው በእጅ ጽሑፍ ብቻ ስለ ቀረ እስከ 1880 ድረስ አልታተመም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም መንገዱን እንደ ገና መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ኢጣልያዊው ራፋኤል ቦምቤሊ በ1572 ባሳተመው አልጄብራ ርቢውን በትንሽ ግማሽ ክብ ውስጥ አስቀምጦ ከቍጥሩ በላይ አኖረው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሬኮርድ በ1557 የእኩልነትን ምልክት ሲያወጣ ርቢዎቹን ገና በረዣዥም ስሞች ይጠራ ነበር፤ ስምንተኛው ርቢ «ዜንዚዜንዚዜንዚክ» ይባል ስለ ነበር ተማሪው ሒሳቡን ከመሥራቱ አስቀድሞ ምላሱን ማሠልጠን ነበረበት።

በ1636 ጄምስ ሁም የተባለ በፓሪስ ይኖር የነበረ ስኮትላንዳዊ ርቢውን በሮማውያን አኃዝ ከፍ አድርጎ አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት በ1637 ሬኔ ዴካርት በሆላንድ አገር በሌይደን ከተማ ባሳተመው ጂኦሜትሪው ተራውን አኃዝ አነስ አድርጎ ከፊደሉ በስተቀኝ በራስጌ አቆመው፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት አጻጻፍ ይህ ነው። የሚያስገርመው ግን ዴካርት ሦስተኛውንና አራተኛውን ርቢ በአኃዝ ሲጽፍ ሁለተኛውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን ደግሞ መጻፉ ነው፤ በእኛ ፊደል ቢሆን ሀ² ከማለት ሀሀ እንደ ማለት ነው። ይህ ልማድ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆየ፤ ታላቁ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እንኳ ይጠቀምበት ነበር። ሀሀ ከሀ² የበለጠ ስፍራ አይወስድምና፤ በማተሚያ ቤትም ዐይን ቢታይ ያለ አንዳች ልዩ ትንሽ አኃዝ በተራው ፊደል ይለቀማል። ኒውተን በ1676 በጻፈው ደብዳቤ ክፍልፋይና አሉታዊ ርቢዎችን በራስጌ ካኖረ በኋላ ግን ፊደሉን በመደጋገም ሊጻፍ የማይችል ነገር መጣ፤ ግማሽ ጊዜ ተደግሞ የሚጻፍ ፊደል የለምና።

የግርጌው ምልክት ልደት ከዚህ የተለየ ነው። ላይብኒትስ በ1693 ለሎፒታል በጻፈው ደብዳቤ የብዙ እኩልታዎችን አባዦች በሁለት አኃዞች ሰየማቸው፤ ፊተኛው አኃዝ የእኩልታውን ተራ፥ ኋለኛው የማይታወቀውን ቍጥር ተራ ያመለክታል። በራስጌ ያለው አኃዝ የሒሳብ ሥራ ያዝዛል፤ በግርጌ ያለው ግን ስም ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በሚገባ ያልተረዳ ተማሪ በሁለቱ መካከል መደናገሩ የማይቀር ነው።

ሊቃውንቱ ምልክቱን ካወጡ በኋላ ሸክሙ ወደ ፊደል ለቃሚው ተላለፈ። የእርሳስ ፊደል አራት ማዕዘን ብረት ነው፤ ከጐረቤቱ ጋር ተጣብቆ በመስመሩ ይቆማል እንጂ በአየር ላይ ሊንሳፈፍ አይችልም። አንዲቱን ትንሽ አኃዝ በራስጌ ለማቆም ከበታችዋ ባዶ እርሳስ መወተፍ፥ ለግርጌው ደግሞ ከበላዩ መሙላት ያስፈልጋል። ራስጌና ግርጌ ባንድነት ሲመጡ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ተደራርበው እንዲቆሙ ለቃሚው በወረንጦ እየለካ ይደክም ነበር። አንድ የሒሳብ ገጽ ከተራ ጽሑፍ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ሥራ ስለሚጠይቅ ዋጋውም ውድ ነበር፤ ስለዚህ ደራሲዎች በርቢ ላይ ርቢ እንዳይደራርቡ ይመከሩ ነበር። በ1954 ቾንዲ፥ ባሬትና ባቲ የተባሉት ሦስት ሰዎች በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጡት የሒሳብ አስተታተም መጽሐፍ የተጻፈው ደራሲውና አታሚው የእርስ በርሳቸውን ችግር እንዲረዱ ነው። ጥቂት ቈይቶም የሞኖታይፕ ኩባንያ አንዱን የቀመር መስመር በአራት ጠባብ ተራዎች ከፍሎ የሚለቅም ዘዴ አወጣ፤ ራስጌውና ግርጌው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ተራ ስላገኙ በእጅ የሚወተፈው እርሳስ እጅግ ቀነሰ።

በጽሕፈት መኪና የፈተና ወረቀት ያዘጋጁ መምህራን ያንኑ ሥራ በሌላ መንገድ ሠርተውታል። ወረቀቱን የሚይዘውን ጥቅል ግማሽ ጥርስ ወደ ኋላ መልሶ አኃዙን መምታት፥ ከዚያም መልሶ ማስተካከል ነው። አኃዙ ከፍ ይላል እንጂ አያንስም። ጥቅሉን መመለስ የረሳ ጸሐፊ ግን ጥያቄውን ሌላ ጥያቄ ያደርገዋል፤ ተማሪውም ባልተጠየቀው ነገር ማርክ ያጣል።

ከእርሳስ ወደ ፎቶ ግራፍ አስተታተም የተሸጋገሩት ዓመታት ለሒሳብ መጻሕፍት ክፉ ዘመን ነበሩ። አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑት ስለ ኮምፒዩተር አሠራር ከ1968 ጀምሮ ያሳተማቸው ጥራዞች በሞኖታይፕ እርሳስ ያማሩ ነበሩ። በ1977 የሁለተኛው ጥራዝ ዐዲስ እትም በዐዲሱ መኪና ተለቅሞ የእርማት ወረቀቱ ሲደርሰው ግን መልኩ እጅግ አሳዘነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ቅሬታውን ጽፎ ያርፍ ነበር፤ እርሱ ግን መጽሐፉን ትቶ ቴክ የተባለውን የአስተታተም ሥርዐት ለመሥራት ተነሣ። በጥቂት ወራት ይፈጸማል ያለው ሥራ ብዙ ዓመታት ወሰደበት። ሕጉን ከራሱ አልፈጠረውም፤ በመልካም አታሚዎች እጅ የወጡትን የቀድሞ ገጾች፥ ከእነዚህም መካከል የስዊድኑን አክታ ማቴማቲካና የሆላንዱን ኢንዳጋቲዮኔስ መጽሔቶች በመመልከት የለቃሚዎቹ ዐይን ያውቀው የነበረውን በቍጥር ተረጐመው። ስማቸው በገጹ ላይ ያልተጻፈ የእጅ ባለሙያዎች ዕውቀት ሳይጠፋ የቀረው በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ትርጕም በ1984 በወጣው የቴክ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ተዘርዝሮ ይገኛል። ተራው ፊደል 10 ፖይንት ሲሆን የራስጌና የግርጌ ፊደል 7 ፖይንት ነው፤ በርቢ ላይ የሚወጣ ርቢ 5 ፖይንት ይሆናል። ፖይንት የአንድ ኢንች ሰባ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው። ለብቻው በተቀመጠ ትልቅ ቀመር ውስጥ ራስጌው 4.13 ፖይንት ያህል ከፍ ይላል፤ በጽሑፉ መካከል በሚገባ ቀመር ግን 3.63 ያህል ብቻ ነው፤ ከሥር ምልክት በታች ወይም በክፍልፋይ ታችኛ ክፍል ሲሆን ጣራው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ወደ 2.89 ይወርዳል። ግርጌው ብቻውን ሲሆን 1.5 ፖይንት ዝቅ ይላል፤ ራስጌ አብሮት ሲመጣ ግን ለጓደኛው ስፍራ ለመልቀቅ እስከ 2.47 ድረስ ይወርዳል። ከዚህም ጋር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከክፍልፋይ መስመር ውፍረት አራት እጥፍ እንዳያንስ ታዟል። የጐን ስፍራውም አልተዘነጋም። እንደ ፒ ያለ ወደ ቀኝ ያዘመመ የላቲን ፊደል ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል፥ እግሩ ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ራስጌው ጥቂት ወደ ቀኝ ይገፋል፥ ግርጌው ግን ከፊደሉ ሥር ይጠጋል። ከሁሉም በኋላ የሚመጣው ምልክት እንዳይነካቸው ግማሽ ፖይንት ባዶ ስፍራ ይጨመራል።

የመረብ ገጽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲስፋፋ ይህ ሁሉ ዕውቀት ከደጅ ቀረ። መረቡን የፈለሰፈው ቲም በርነርስ ሊ በሴርን የፊዚክስ ሊቃውንት መካከል ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፥ የመረቡ ቋንቋ ግን ቀመር መጻፊያ አልነበረውም። በ1995 የቀረበው የኤችቲኤምኤል 3.0 ረቂቅ የሒሳብ ክፍል ቢኖረውም ተፈጻሚ ሳይሆን ቀረ፤ በ1997 የጸደቀው 3.2 ለራስጌ «ሰፕ»፥ ለግርጌ «ሰብ» የሚባሉትን ሁለት ትእዛዞች ብቻ ያዘ። እነዚህ ትእዛዞች አኃዙን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አይደራርቡም፤ ራስጌውና ግርጌው ተከታትለው እንደ ወረፋ ሰው ይቆማሉ። ከፍ ያለውም አኃዝ መስመሩን ሁሉ እየገፋ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ያዛባል። ብዙዎች ስለዚህ ቀመሩን እንደ ሥዕል አድርገው ይለጥፉ ነበር፤ ሥዕሉ ከጽሑፉ መስመር ጋር አይገጥምም፥ ሲያጐሉትም ይደበዝዛል፤ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ መሣሪያ ለሚማር ዐይነ ስውር ተማሪ ደግሞ ጸጥታ ብቻ ነው።

በ1998 ማትኤምኤል የተባለ የሒሳብ መጻፊያ ቋንቋ ጸደቀ። በዚህ ቋንቋ መሠረቱ የትኛው፥ ራስጌው የትኛው፥ ግርጌው የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ ስለሚነገር ቀመሩ ይታያልም፥ ይነበባልም። መሣሪያዎቹ ግን አልተከተሉትም፤ ፋየርፎክስ ቀድሞ ሲቀበለው ክሮም በ2013 ተቀብሎት ወዲያው ጣለው። በዚህ መካከል በ2010 ማትጃክስ፥ በ2014 ደግሞ የካን አካዳሚው ካቴክ ብቅ አሉ፤ ሁለቱም የክኑትን ሕግ በገጹ ውስጥ እንደ ገና እያሰሉ እያንዳንዱን አኃዝ በስፍራው ያኖራሉ። ማይክሮሶፍት በ2007 ካምብሪያ ማት በተባለው ፊደል ውስጥ የከፍታውንና የክፍተቱን ልክ በሠንጠረዥ አስገብቶ ነበርና፥ ክሮም በጥር 2023 ማትኤምኤልን እንደ ገና ሲቀበል ልኩ ከዚህ ዐይነቱ ሠንጠረዥ የሚነበብ ሆነ።

ይህ ሁሉ ልክ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። ራስጌው ምን ያህል ዝቅ ሊል፥ ግርጌው ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚፈቀድ የሚለካው በላቲን ትንሹ ፊደል ቁመት ነው፤ ራስጌው ከዚህ ቁመት ሩብ በታች እንዳይወርድ፥ ግርጌውም ከአምስት እጅ አራቱን እንዳያልፍ ይከለከላል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አልተከፈለም፤ «ሀ» እና «ለ» የሚለኩበት እንደዚያ ያለ ቁመት የለም። በአማርኛ የሚጽፍ የሒሳብ መምህር በፊደላችን ሀ² ብሎ በመረብ ገጽ ላይ ሲያኖር፥ አኃዟ የምትቆመው ለሌላ ፊደል በተለካ ከፍታ ላይ ነው።