ከእኩል አራሽ ቤት እስከ እንግዳ ማረፊያ
የቶስካና የእርሻ ቤቶች ታሪክ

በመካከለኛው ኢጣሊያ፣ በፊሬንዜና በሲየና ከተሞች መካከል በተዘረጋው የኪያንቲ ኮረብታማ አገር የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሌሊቱን በሆቴል ሳይሆን በገበሬ ቤት ማሳለፍ የተለመደ ነገር ሆኖ ያገኘዋል። ጧት በገበታው ላይ ጨው የሌለበት የአገሩ ዳቦ፣ የበግ ወተት አይብ፣ የፍራፍሬ ማርመላታና ከዚያው እርሻ የተገኘ የወይራ ዘይት ይቀርብለታል። ከመስኮቱ ሥር የወይን ተክል በረድፍ ተሰልፎ ይታያል። ይሁን እንጂ ቤቱ ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ እንግዳው የሚያድርበት ክፍል ቀድሞ የበሬ ጋጥ የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ሕንፃ የተሠራበት ምክንያት ሲጠፋ ምን ዕጣ እንደሚገጥመው ለመመርመር ለሚሻ የሙያ ሰው፣ የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ከፍ ያለ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቤቶቹ መነሻ «ሜዛድሪያ» የተባለው የመሬት ውል ነው። ይኸውም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በአገራችን ከነበረው የእኩል አራሽ ሥርዓት ጋር ይቀራረባል። ባለርስቱ መሬቱንና ቤቱን ይሰጣል፤ ገበሬው የመላ ቤተሰቡን ጉልበት ያቀርባል፤ ምርቱም ለሁለት ይከፈላል። በመካከለኛው ዘመን የተስፋፋው ይህ ውል የሚመለከተው አንድን ሰው ሳይሆን መላውን ቤተሰብ ነበር። «ካፖቻ» የሚባለው የቤተሰቡ አለቃ በሁሉም ስም ይዋዋላል፤ በብዙ ስፍራም የቤተሰቡ አባል ለማግባት የባለርስቱን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት።

ቤተሰቡ የሚያርሰው መሬት «ፖዴሬ» ሲባል፣ ቤቱም በዚያው መሬት ላይ ለብቻው ይሠራ ነበር። ገበሬው ከመንደር እየተመላለሰ ጊዜ እንዳያባክንና ሰብሉን ቀንና ሌሊት እንዲጠብቅ ይህ ለባለርስቱ ይበጀው ነበር። በምድር ቤቱ በረት፣ የዕቃ ማኖሪያና የወይን ጠጅ መጥመቂያ ይገኛል። በውጭ በኩል ባለው የድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ ትልቅ ምድጃ ያለበት ማድቤትና መኝታ ክፍሎች አሉ። ከበታች ያሉት በሬዎች ሙቀት በክረምት የላይኛውን ወለል ያሞቃል። ወለሉ በእንጨት ተሸካሚዎች ላይ ጠፍጣፋ ሸክላ በመደርደር ይሠራል። በ1770 ፌርዲናንዶ ሞሮትሲ የተባለው የቶስካና መሐንዲስ ስለ ገበሬዎች ቤት አሠራር ራሱን የቻለ መጽሐፍ በፊሬንዜ ማሳተሙ፣ ጉዳዩ በዚያ ዘመን ምን ያህል ትኩረት ያገኝ እንደነበረ ያስረዳል። በዚያው ዘመን በታላቁ መስፍን በፒዬትሮ ሌዎፖልዶ አስተዳደር (1765–1790) በኪያና ሸለቆ የተሠሩት ቤቶች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

የወይን ጠጁም ዝና ከዚሁ ሥርዓት ጋር አብሮ አድጓል። በ1716 ታላቁ መስፍን ኮሲሞ 3ኛ የኪያንቲን ወይን ጠጅ ክልል በዐዋጅ ወሰነ። በ1872 ደግሞ የብሮልዮ ባለርስትና የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤቲኖ ሪካሶሊ፣ ሳንጆቬዜ የተባለውን ወይን መሠረት ያደረገውን ቅልቅል በጽሑፍ አስታወቀ። በማሳው ግን ወይኑ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ከስንዴና ከወይራ ጋር ተደባልቆ ይበቅል ነበር፤ እኩል አራሹ ከገበያ ይልቅ አስቀድሞ የቤቱን ጉሮሮ መሸፈን ነበረበትና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካ ተስፋፋ፤ ወጣቶቹም ቋሚ ደመወዝ፣ የቧንቧ ውሃና የኤሌክትሪክ መብራት ፍለጋ ወደ ከተማ ጎረፉ። መስከረም 15 ቀን 1964 የወጣው 756ኛው ሕግ የገበሬውን ድርሻ ወደ 58 በመቶ ከፍ አድርጎ አዲስ የሜዛድሪያ ውል መዋዋልን ከለከለ፤ በ1982 የወጣው 203ኛ ሕግ ደግሞ የቀሩት ውሎች ወደ ኪራይ እንዲለወጡ ፈቀደ። ገበሬው ነጻ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ቀረ። ጣሪያዎች ፈረሱ፤ ከፊሎቹን ቤቶች የከተማ ሰዎችና የውጭ አገር ዜጎች ገዙአቸው።

መፍትሔ የተፈለገው እርሻንና እንግዳ መቀበልን በማጣመር ነው። በ1965 «አግሪቱሪስት» የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1985 የወጣው 730ኛው ሕግ፣ እንግዳ መቀበል የእርሻው ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳይሆን ደነገገ፤ ለማረፊያም በእርሻው ላይ ቀድሞ የነበሩት ሕንፃዎች አገልግሎት ላይ እንዲውሉ ፈቀደ። ያው ዓመት በጥር ወር የደረሰው ብርቱ ውርጭ አብዛኛውን የቶስካና ወይራ ያደረቀበት ስለነበረ፣ ሌላ ገቢ ማግኘት ለብዙ ባለእርሻ አስቸኳይ ጉዳይ ነበር። በ2006 የተተካው 96ኛ ሕግም ያንኑ መሠረተ ሐሳብ ጠብቆ፣ እንግዶቹ ከአሥር የማይበልጡ ከሆነ እርሻው ዋና ሥራ እንደሆነ እንዲቆጠር አድርጓል።

ጋጡን ወደ መኝታ ቤት መለወጥ ግን ቀላል ሥራ አልነበረም። እርጥበትን መከላከል፣ ውሃ ማስገባትና ፍሳሽ ማስወገድ ያስፈልግ ነበር። ከሁሉም የከፋው ስሕተት የእንጨቱን ወለል አንሥቶ በከባድ የብረት ኮንክሪት መተካት ነበር። በ1997 በጎረቤት ኡምብሪያና ማርኬ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በደካማ የድንጋይ ግንብ ላይ የተጫነ ከባድ ወለል ግንቡን ለበለጠ ጉዳት እንደሚዳርገው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች እንጨቱን ጠብቀው ማጠናከርንና ከግንቡ ጋር በብረት ማሰርን ይመርጣሉ።

ስለሆነም የቶስካናው ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ለመፍረስ የተቃረቡ ብዙ ሕንፃዎች ድነዋል፤ ባለእርሻ ቤተሰቦችም በመሬታቸው ላይ ለመኖር ችለዋል። በሌላ በኩል ግን በቤቶቹ ውስጥ ለዘመናት የደከሙት የእኩል አራሽ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ከሀብቱ ሳይካፈሉ ወጥተዋል። ግንቡን ማዳን የመሐንዲሱ ድርሻ ነው፤ ከግንቡ ጥቅም ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው ግን የመሬቱ ውል ነውና፣ የአሮጌ ሕንፃ ጥገና ሲታቀድ ሁለቱን አንድ ላይ ማጥናት ይገባል።