ጳጉሜን 6፦ ራስ ሰር የሶፍትዌር ፍተሻ የሚያየውና የማያየው



የዛሬውን ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ዓርብ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በሰበታ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች የበዓል ክፍያቸውን ለመቀበል ተሰልፈው ሳለ፣ እኔ የጻፍኩት የደመወዝ ፕሮግራም «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ቆመ። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ቀን እንደምትሆን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ለፕሮግራሙ ግን አልነገርኩትም። ገንዘብ ያዡ እስከ ምሽት ድረስ በመዝገብ ላይ በእጃቸው እየጻፉ ከፈሉ።

ያ ፕሮግራም ከመረከቡ በፊት ራስ ሰር ፍተሻውን ሁሉ አልፎ ነበር። ፍተሻውንም የጻፍኩት እኔው ነበርኩና፣ እኔ የዘነጋሁትን እርሱም ዘነጋው።

የሙያችን ታሪክ በዚህ ዓይነት ክስተት የተሞላ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ፣ ፍተሻ የስሕተትን መኖር እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ እንደማይችል ያስጠነቀቀው ከሃምሳ ዓመታት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓ ሮኬት አሪያን 5 በተነሣ በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበታተነ፤ ከአሪያን 4 የተወረሰው ሶፍትዌር በአዲሱ ሮኬት የበረራ መስመር አልተፈተሸም ነበር። በማግሥቱ ዓመት ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ጄዩኒትን ጻፉ፤ በአንድ ትእዛዝ የሚደጋገም ፍተሻም በመላው ዓለም ተስፋፋ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ የሲስተም ችግር፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው፤ ካወጡት መካከል ብዙዎቹ እንደ እናንተው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ገንዘብ ያለው ማውጣት መቻሉን ብቻ ሳይሆን፣ የሌለው መከልከሉንም ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ መፈተሽ ይገባል።

ይህን ስል ራስ ሰር ፍተሻን ማንኳሰሴ አይደለም። ከዚያ ዋዜማ በኋላ ጳጉሜን 6ን በፍተሻው ውስጥ አስገባሁ፤ ከእኔ በኋላ ፕሮግራሙን የሚነካ ሁሉ ያንን ስሕተት ቢደግም ወዲያው ይታወቅበታል። ማሽን የነገሩትን ሳይታክት ይጠብቃል፤ ምን እንደሚነገረው መወሰን ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ፍተሻ ከመጻፋችሁ በፊት ሥራውን ዘወትር ከሚሠራው ሰው ጋር ተቀመጡ። ገንዘብ ያዡን አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ይመጣል፤ ፕሮግራሞቻችሁን ከወዲሁ ፈትሹ።