ድኝ የሸተተው ወጥ ቤት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት አይደለምና «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ምስክሩ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ «ፊትና ጀርባውን ሁለት ሁለት ኮፒ» ብላችሁ መታወቂያችሁን ስትሰጡ፣ ልጁ ክዳኑን ያነሣል፣ መታወቂያውን ይደፋል፣ መብራት ከዳር እዳር ሽው ይላል፣ ወረቀቱ ይወጣል። ያዙት እስቲ። ሞቅ ይላል፣ ገና ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ሙቀት ነው።

ሰውየው ቼስተር ካርልሰን ይባላል። በ1906 ሲያትል ተወለደ (ዘመኑን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፣ ቅር አይበላችሁ)። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳና የመገጣጠሚያ ሕመም ተባብረው ከሥራ አስወጡት። እናቱንም ያው ነቀርሳ ወሰዳት፣ ልጁ ገና 17 ዓመቱ ሳለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቤቱን የሚደጉመው እሱ ነበር። ያም ሆኖ ተማረ፤ በ1930 ከካልቴክ በፊዚክስ ተመረቀ። ምን ዓመት ላይ እንደተመረቀ ልብ በሉ! የአሜሪካ ኢኮኖሚ በተንኮታኮተ ማግስት ነው። ለ82 ድርጅቶች ማመልከቻ ጻፈ፤ ሥራ የሰጠው አንድም አልነበረም።

በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ቤል ላብራቶሪ ገባ፤ ከምርምሩ ወደ ፓተንት ክፍሉ ተዛወረ፤ በ1933 ተቀነሰ። ዞሮ ዞሮ ማሎሪ በሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ዘንድ፣ እዚያም የፓተንት ክፍል ውስጥ፣ ተቀጠረ። ፓተንት ማለት በአጭሩ ከመንግሥት ጋር የሚገቡት ውል ነው፤ አንተ የፈለሰፍከውን ሳትደብቅ ትጽፋለህ፣ መንግሥት ደግሞ ለተወሰነ ዘመን ሌላው እንዳይነካብህ ይከለክልልሃል። «ሳትደብቅ ትጽፋለህ» ያልኳት ነገር ናት ሰውየውን የፈጀችው። መግለጫው ገጽ በገጽ ነው፤ ሥዕሉም ብዙ ነው፤ የሁሉም ቅጂ ያስፈልጋል። ካርቦን ወረቀት ለጥቂት ቅጂ ይሆናል፣ ሥዕል ግን አያወጣም። ፎቶ አንሥቶ ማባዛቱ ውድ ነው፣ ጊዜም ይበላል። የቀረው እንደገና መተየብ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ፊደል በፊደል ማመሳከር።

ማታ ማታ ደግሞ ሕግ ይማር ነበር። መጽሐፍ መግዣ ስለሌለው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በእጁ ይገለብጣል። ዓይኑ የቅርብ ብቻ የሚያይ፣ አከርካሪው የሚያመው ሰው ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ብራና ላይ ቢያጎነብስ ለነፍሱ ነው፤ ይህ ሰው ግን ያጎነበሰው ለፈተና ነበር። አንድ ቀን ጎኑን ይዞ «ይህን ነገር ቁልፍ ሲጫኑት የሚያወጣ ዕቃ ቢኖርስ?» ማለቱ ይገርማችኋል?

ታዲያ ማንም የሄደበትን መንገድ አልተከተለም። በፎቶግራፍ፣ በእርጥብ ኬሚካል የሚሠራውን ትልልቆቹ ድርጅቶች ይዘውታል። እሱ ከዚያው ቤተ መጻሕፍት የሃንጋሪውን ፊዚሲስት የፓል ሴሌኒን ጽሑፍ አገኘና ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። ኩዊንስ በሚገኘው ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ ድኝ ማቅለጥ ጀመረ። ድኝ! ሰዶምን ያቃጠለውን! ሽታው ደረጃውን ወርዶ የጎረቤት በር ያንኳኳ ነበር። ባለቤቱ ምን ያህል እንደታገሠች አስቡት። በመጨረሻ አስቶሪያ፣ አማቱ ቤት፣ አንዲት ክፍል ያዘና ከኦስትሪያ የተሰደደ ኦቶ ኮርናይ የሚባል መሐንዲስ ረዳት ቀጠረ።

ጥቅምት 22 ቀን 1938። ኮርናይ በመስታወት ላይ በቀለም «10.-22.-38 ASTORIA» የሚል ቃል በፈረንጅ ፊደል ጻፈ፤ ቀኑንና ሰፈሩን መሆኑ ነው። ድኝ የተቀባች የዚንክ ሰሌዳ ወሰዱ። መጋረጃውን ዘጉ። ሰሌዳዋን በመሐረብ ፈተጓት፤ ሹራብ ስታወልቁ ፀጉራችሁን በሚያቆመው ኃይል እንድትሞላ። መስታወቱን ጫኑባትና ጥቂት ሰከንድ ደማቅ መብራት አበሩባት። ብርሃን የነካው ቦታ ኃይሉ ፈሰሰ፤ ጽሑፉ ያጠላበት ቦታ ኃይሉ ቀረ። ከዚያ ደቃቅ የዕፅ ዱቄት ነሰነሱ፤ እፍ! ሲሉት ትርፉ በነነ፣ በጽሑፉ ላይ ያለው ግን እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቆየ። በመጨረሻ ሰም የተቀባ ወረቀት ጫኑበትና አሞቁት፤ ሰሙ ለዘብ ብሎ ዱቄቱን ያዘ። ወረቀታችሁ የሚሞቀው ለዚህ ነው፤ ዛሬም ቶነር የሚባለው ዱቄት ወረቀቱ ላይ የሚጋገረው በሙቀት ነው።

እዚህ ላይ ወሬዬን ልግታና አንድ ቆጠራ ላሳያችሁ። በአሜሪካ ሕግ ፈልሳፊ ተብሎ የሚመዘገበው ሰው ብቻ ነው፤ ድርጅት አይፈለስፍም። ድርጅት የሚሆነው ባለቤት ነው። ስለዚህ «የግለሰብ ፓተንት፣ የድርጅት ፓተንት» ተብሎ በሁለት ዓምድ ሲቆጠር የሚታየው፣ ወረቀቱ በወጣበት ቀን ንብረቱ የማን እንደነበረ ነው። ካርልሰን ሕፃን ሳለ ከ10 ፓተንት 8ቱ ያህል በግለሰቦች ስም ይወጣ ነበር። በ1930ዎቹ፣ እሱ ድኝ ሲያነድ፣ ሚዛኑ ወደ ድርጅቶቹ አጋደለ። ዛሬ እዚያው አሜሪካ ከ10 ፓተንት አንዱ እንኳ የግለሰብ አይደለም። «የብቸኛው ፈልሳፊ ዘመን አለፈ» የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አባባል ግማሹን ብቻ ነው የምስማማው። ያው ጭንቅላት፣ ያው እጅ ነው፤ ነገር ግን ሲቀጠር «የምፈለስፈው የመሥሪያ ቤቱ ነው» ብሎ ፈርሟል። ስሙ በፈልሳፊው መስመር፣ ሀብቱ በድርጅቱ ዓምድ።

ካርልሰን ግን በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ገንዘብ የሠራውን በራሱ ስም አስመዘገበ። ጥቅምት 6 ቀን 1942 ቁጥር 2,297,691 ወጣለት። በግለሰብ ዓምድ አንድ ተጨመረ ማለት ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ወረቀቱን ይዞ መዞር ሆነ። ከ1939 እስከ 1944 ከ20 በላይ ድርጅቶች በር አንኳኳ፤ ኮዳክ፣ አይቢኤም፣ ጄነራል ኤሌክትሪክ... ሁሉም ሸኙት። አትፍረዱባቸው። የሚያሳያቸው አንዲት ሰሌዳ፣ አንድ መሐረብና ቁንጥር ዱቄት ነው። «ካርቦን ወረቀት እያለ» ቢሉ ምን ይፈረዳል?

በ1944 ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚገኘው ባቴል የምርምር ተቋም ነገሩ ገባው። ውሉም፦ ከሚገኘው ገቢ 40 ከመቶው ለካርልሰን፣ 60 ከመቶው ለባቴል። ድኙ በሴሌኒየም የተተካው እዚያ ነው። ሮቼስተር ያለ ሃሎይድ የሚባል አነስተኛ የፎቶ ወረቀት አምራች በ1947 ገባበት፤ ለዘዴው ከግሪክኛ «ደረቅ ጽሕፈት» የሚል ስም ተበጀለት፤ ድርጅቱም ኋላ ዜሮክስ ተባለ። እንግዲህ ከአስቶሪያዋ ክፍል እስከ እውነተኛው ማሽን፣ 914 እስከተባለው፣ 21 ዓመት ሙሉ ቆጠረ። 914 ሲወጣ ወደ 300 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ወረቀት ከታነቀበት ስለሚነድም ድርጅቱ ከማሽኑ ጋር የእሳት ማጥፊያ ያቀርብ ነበር፤ እንዳያስደነግጥ ግን ስሙን «የማረር ማስወገጃ» ዓይነት ለስላሳ ነገር ሰጠው። የሻጭ ብልሃት ነው እንግዲህ!

አሁን ቀኑን ልንገራችሁ፣ እናንተው አስሉት። 914 ለሕዝብ የታየው መስከረም 16 ቀን 1959 ነው። ፓተንት በዚያ ዘመን የሚጸናው ከወጣበት ቀን አንሥቶ 17 ዓመት ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 1942 ላይ 17 ጨምሩ። ጥቅምት 6 ቀን 1959! ማሽኑ በታየ በ20ኛው ቀን የወጥ ቤቱ ፓተንት ዘመኑ አለቀ።

ዜሮክስን ታዲያ ማን ጠበቀው? በባቴልና በሃሎይድ የተቀጠሩ መሐንዲሶች በየዓመቱ የከመሩት ነዋ። ስለ ሲሊንደሩ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ወረቀት መግፊያው። ክምሩ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ የአሜሪካ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ገብቶ በ1975 ከ1,000 በላይ ፓተንቶቹን ለተወዳዳሪዎች እንዲያከራይ አደረገው። አንዱን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ያስበዋል፤ 21 ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየከፈለ የሚያቆመው ግን ወጥ ቤት አይደለም። የግለሰቡ ዓምድ የሳሳበት ሁለተኛው ግማሽ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ካርልሰን በገንዘቡ አልተጎዳም፤ ከበረ። ከከበረ በኋላ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን ሰጠ፤ ብዙውን ስሙን ሳይናገር። በ1968 ኒውዮርክ ሲኒማ ቤት እንደተቀመጠ ሞተ።

ኦቶ ኮርናይስ? መስታወቱ ላይ የጻፈው እሱ ነበር፤ ፓተንቱ ላይ ግን ስሙ የለም። መጀመሪያ ከሚመጣው ገቢ ከመቶ 10 እንዲደርሰው ተዋውለው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ተስፋ ቆረጠና ውሉን አፍርሶ የደመወዝ ሥራ ፍለጋ ሄደ። በዚህ ፈጠራ ከሁለቱ ዓምዶች በአንዱም አልተቆጠረም። ዓመታት አልፈው የዜሮክስ አክሲዮን ሰማይ ሲነካ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ከካርልሰን ስጦታ ደረሰው። 100 አክሲዮን።