ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና፦ ልጆቻችንን የምናስተምረው ለምንድን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን፣ የወንድሜ ልጅ ማታ ከሐይቅ ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጎቴ፣ ትንሽ ብር ትልክልኛለህ?» አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አልደበቀኝም። በቴሌግራም የፈተና መልስ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ጓደኞቹ አዋጥተው ሊገዙ ነው፤ እሱ ብቻ ቀርቷል።

ላኩለት። «ሁሉም እያደረገው እሱ ለምን ይቅርበት?» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መልሱ የውሸት ነበር፤ ብሩም ቀለጠ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ብሩ አይደለም። ልጁ የደወለው ብር ብቻ ፈልጎ አልነበረም፤ ፈቃድም ይጠይቀኝ ነበር። እኔም ፈቀድኩለት።

ወዳጆቼ፣ ይህን ሳስብ ሁሌ የሚታወሰኝ ልጁ ያደገበት አገር ነው። ከቤታቸው በእግር ተሂዶ የሚደረስበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በዚያ ማስተማር ጀመሩ። ከእሳቸው ከተማሩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ትውፊት በ1262 ዓ.ም. የነገሡትን ይኩኖ አምላክንም ከተማሪዎቻቸው ይቆጥራል። የገዳሙ አለቃ ደግሞ ዓቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው። በዛሬ ቋንቋ እንናገር ካልን ሐይቅ የዘመኑ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የሹመት በርም ነበር።

ታዲያ በዚያ በር የሚገባ ሰው መጀመሪያ ምን ይጠየቅ ነበር? የገዳም ሥርዓት የሚጀምረው በረድእነት ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ አረጋውያንን ማገልገል። ሰውየው ሌላውን መሸከም ይችል እንደሆነ የሚታየው በዚህ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ዛሬም አለ፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ተጽፎበታል። አንድ መጽሐፍ ብዙ ቆዳና ብዙ ወራት በሚፈጅበት ዘመን መጽሐፉ የግል መወጣጫ ሳይሆን የማኅበር ሀብት ነበር።

የቆሎ ተማሪውንም አስቡት። አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ይለምናል፤ ያገኘውን ከጎጆ ጓደኛው ጋር ይካፈላል። ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናል። በወሎ የደረሳውም ኑሮ ከዚህ አይርቅም። ጀማ ንጉሥን እና ዳናን በመሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ቂርአት የሚቀራውን ልጅ የአካባቢው ገበሬ ያበላው ነበር። ሁለቱም የሚማሩት በሰው እንጀራ ነው። በሰው እንጀራ የተማረ ሰው «በራሴ ጥረት ብቻ እዚህ ደረስኩ» ለማለት ይከብደዋል።

የድሮውን ዘመን ግን ገነት አላደርገውም። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ የዚያ ልጅ እህት በሩን ማለፍ አትችልም። ፉክክርም ነበር። ማን ከማን ቆብና አስኬማ ተቀበለ በሚለው ላይ የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ትውፊቶች አይስማሙም፤ እያንዳንዱ የራሱን አባት ያስቀድማል። የደረጃ ጥማት በመነኮሳትም ዘንድ ነበር ማለት ነው።

ከሐይቅ ተነስታችሁ በወልዲያ መንገድ ወደ ሰሜን ብትጓዙ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታገኛላችሁ። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመውን ውል ሁላችንም በትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። አንቀጽ 17 በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። ቋንቋ የሚያውቅ፣ የተማረ ሰው ባይኖር ያ ውል አይጻፍም ነበር። የጎደለው እውቀት ሳይሆን ሐቅ ነው። ዋጋውም በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተከፈለ። ይህን ታሪክ ለፈተና አጥንቶ በዚያው ፈተና ላይ የሚኮርጅ ልጅ ምን እንደተማረ እናንተው ፍረዱ።

ጭንቀቱ የመጣው ከሜዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በግንቦት 2008 ፈተናው ወጥቶ ተሰረዘ፤ ያጠናውም ያላጠናውም በሰኔ መጨረሻ እንደገና ተቀመጠ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ የአካባቢው ልጆች በወቅቱ መፈተን አልቻሉም፤ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ቀጥሎ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዓመቱ 3.2፣ ከዚያ 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ በሚወድቅበት አገር ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ግን ቁጥሩን በሌላ በኩል እዩት። አብዛኛው ልጅ የማያልፍ ከሆነ፣ አብዛኞቻችን የምናሳድገው ያንን በር የማያልፍ ልጅ ነው። ያ ልጅ ነገ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ገበሬ፣ ጎረቤት፣ አባት ይሆናል። ቤታችን ውስጥ ያስተማርነው ነገር «እለፍ» ብቻ ከሆነ፣ ሲወድቅ ምን ይዞ ይቀራል? ያለፈውስ ሐኪም ወይም ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ምን ይዞ ይቀመጣል?

የምለው ከባድ አይደለም። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ካላችሁ በኋላ «ዛሬ ማንን አስጠናህ?» በሉት። ማስታወሻውን ለጓደኛው ሲያውስ «ይበልጥሃል» ብላችሁ አትከልክሉት። በሐቅ 48 ያመጣን ልጅ በሰው ፊት አታዋርዱት። ከሁሉ በላይ፣ ልጅ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ሲደውል የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ስሙት።

የወንድሜ ልጅ ያኔ አላለፈም። ዛሬ ደሴ ሥራ ላይ ነው። ባለፈው ታናሽ እህቱ ለፈተና ስትዘጋጅ ደውዬ የብሩን ነገር አነሳሁና «ያን ጊዜ አጥፍቻለሁ፣ እምቢ ልልህ ይገባኝ ነበር» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም እኮ እምቢ የምትለኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ለእህቱ ብር አልላክሁም። በየማታው እየደወልኩ ታሪክ አስጠናኋት። ውጫሌ ላይ ስንደርስ ቀስ ብለን አለፍነው።