የሻሊማር ክብደት

በአዲስ አበባ የኅዳር ምሽት ልብን ደስ የሚያሰኝ ሽቶ በድሬዳዋ የግንቦት ቀትር ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህን ያስተዋልሁት በአንድ ሠርግ ላይ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት ወይዘሮ ሻሊማር ተቀብተው ነበር። ሽታውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እወደዋለሁም። በዚያን ቀን ግን ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብሁ። ጥፋቱ የማን ነው? የሙቀቱ ወይስ የሽቶው? መልሱን ፍለጋ የሽቶውን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርሁ።

ሻሊማርን የቀመመው ፈረንሳዊው ዣክ ጌርላን ነው። ሽቶው ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1925 በፓሪስ በተካሄደው የጌጥ ጥበባት ኤግዚቢሽን ጊዜ ነበር። ከላዩ ቤርጋሞት የተባለው የሎሚ ዘመድ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቫኒላ። ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከዚህ ከሥረኛው ነው።

የቫኒላ ታሪክ ራሱ ጣፋጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በሬዩንየን ደሴት ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ የቫኒላን አበባ በእጅ ማዳቀል የሚቻልበትን ቀላል ዘዴ አገኘ። ብዙዎች በዚህ ዘዴ በለጸጉ፤ እሱ ግን በ1880 በድህነት ሞተ። በ1874 ሁለት ጀርመናውያን ኬሚስቶች፣ ቲማንና ሃርማን፣ ቫኒሊንን ከጥድ ዛፍ በተገኘ ንጥረ ነገር ሠሩ። ጌርላን በሻሊማር የተጠቀመው ከዚህም በብዙ እጥፍ የሚበረታውን ኤቲል ቫኒሊን ነው።

ከቫኒላው ጎን ለእኛ እንግዳ ያልሆኑ ነገሮች አሉ። አንደኛው በኦጋዴንና በሶማሊያ ከሚበቅል የከርቤ ዘመድ የሚለቀም፣ ኦፖፖናክስ የሚባል ሙጫ ነው። ሁለተኛው ዝባድ ነው። ዝባድ ጥንት ከእናርያ ተነሥቶ በነጋዴ ጭነት ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ነበር። በኋላም በከብት ቀንድ እየታሸገ ለፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች በዋናነት ይቀርብ የነበረው ከኢትዮጵያ ነው። ለዚህም ጥርኟ በጠባብ ቀፎ ታስራ ትኖራለች፤ ዝባዷም በየጊዜው ይፋቃል።

እንግዲህ ወደ ሠርጉ ልመለስ። ሽቶ በአንድ ጊዜ አይተንም። ሎሚው በደቂቃዎች ውስጥ በርሮ ይሄዳል፤ ቫኒላው፣ ሙጫውና ዝባዱ ግን ለሰዓታት ገላና ልብስ ላይ ይቆያሉ። በብርድ አገር ይህ ቀስ እያለ የሚወጣ ሙቀት ነው። ቆላ ሲወርድ ግን ፀሐዩ ሁሉንም በአንድነት ያስነሣዋል፤ ሎሚው ቶሎ ይጠፋና ጣፋጩ ብቻውን ይነግሣል። ወንበሬን ያስሳበኝ ይኸው ነው።

የጌርላን ቤትም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2003 ማቲልድ ሎራን የቀመመችው ሻሊማር ላይት ወጣ፤ በ2008 ደግሞ ኦ ደ ሻሊማር ተከተለ። ማቅለል ማለት ውሃ መጨመር ብቻ አይደለም። ሎሚውን ከፍ አድርጎ፣ ሥሩን አሳስቶ፣ ሚዛኑን እንደገና መሥራት ነው።

ቀላሉን ሻሊማር በሌላ ጊዜ እዚያው ድሬዳዋ ሞከርሁት። እውነቱን ልናገር፤ ወድጄዋለሁ። ማንም ወንበሩን አልሳበም። ማታ ግን እጄን ባሸተው፣ ከልጅነቴ የማውቀው ያ ጥቁር፣ ትንሽ አውሬ አውሬ የሚለው ሽታ የለም።

ናፈቀኝ፤ ግን አላዘንሁም። ያ ክብደት ለእኛ ለተቀቢዎቹ ውበት ነበር፤ ሸክሙ ግን በአልቢዩስ ትከሻ፣ በሙጫ ለቃሚዋና በታሰረችው ጥርኝ ላይ ነበር። ዛሬ ሽቶ ቀማሚዎች በአብዛኛው በዝባድ ፈንታ በቤተ ሙከራ የተሠራ ምትክ ይጠቀማሉ፤ ለጥርኟ ደግ ነገር ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ሽቶው ከባድ በነበረበት ዘመንም ቢሆን በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የላሆር የአትክልት ስፍራ ስም እንጂ የእነዚህ የአንዳቸውም ስም አልነበረም።