የንጉሡ ዶማ

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በሬው በረት ውስጥ የወደቀበት ገበሬ የመከራውን ምንጭ በአገሩ ቢፈልግ አያገኘውም ነበር። ከብቱን የፈጀው በሽታ የገባው የጣሊያን ጦር ለስንቁ በባሕር አስጭኖ ምጽዋ ካወረዳቸው ከብቶች ጋር እንደሆነ ይታመናል። ስሙ «ደስታ» ነው። እንዲህ ያለ ገዳይ በዚህ ስም መጠራቱ ሳይገርም አይቀርም።

ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። መከራው ተራ በተራ ቢመጣ ኖሮ ገበሬው ዘዴ አያጣለትም ነበር። ድርቁን በጎተራው ይሻገራል፤ ጦር ሲመጣ ዘመድ አገር ይሰደዳል። አንድ በሬ የሞተበትም አንድ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። አሁን ግን ጎረቤቱም ባዶ በረት ታቅፎ ተቀምጧል።

ዘመኑ «ክፉ ቀን» ተባለ።

የሰውን እጅ ያሰረው ረሃብ ብቻ አልነበረም። በማረሻ አገር እርሻ ማለት ጥማድ ነው፤ ዶማ የጓሮና የቦይ መሣሪያ ነው። እንሰት አብቃዩ ደቡብ መሬቱን በእጁ ቆፍሮ ሲኖር፣ ለደጋው አራሽ ግን በሬ ከሌለ እርሻ የሚባል ነገር የለም። ዘር የተረፈው እንኳ ማሳው ጦም አደረ።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት አፄ ምኒልክ ያደረጉት ነገር የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ። መኳንንቱም ተከተሉ። መቼም ጌታው እያላበው እጁን አጣጥፎ ለመቆም የሚደፍር መኮንን አይገኝም። ንጉሥ የጨበጠውን ዶማ ደግሞ ገበሬው ውርደት ነው ሊለው አይችልም።

ዶማው ረሃቡን አላቆመውም። ክፉ ቀን እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ፤ ሲሶው ሕዝብ አለቀ ይባላል፣ የቆጠረ ግን የለም። ደስታ ራሱ ወደ ደቡብ ወርዶ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደጋው ያን ያህል አልጠበቀም። የተረፉት ጥቂት ከብቶች እየተባዙ ሲሄዱ አገሬው ሞፈርና ቀንበሩን አወጣ፤ ዶማውም ወደ ጓሮው ተመለሰ።